የቻለው ደም ለምን ረጋ?

ኅዳር 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ከፈትል ፋብሪካው መኪና ልከው ወሰዱኝ። የእኔ ታካሚዎች የአቃቂ ላሞችና የጋሪ ፈረሶች ናቸው፤ በመኪና ተፈልጌ አላውቅም። የታመመው ቻለው ነው፤ ከጀርመን አገር መጥቶ የጥጥ መጋዘኑን የሚጠብቀው ትልቁ ውሻ። ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም አለው አሉ፤ ዘበኞቹ ምላሳቸው አልታዘዝ ቢላቸው ቻለው ብለውታል። ማታ ደህና የነበረ ውሻ ጠዋት ቀኝ የኋላ እግሩን እየጎተተ ተገኘ።

እግሩን ዳበስኩት። ሦስቱ ይሞቃሉ፤ ይሄ ግን ጠዋት እንደሚነካ የውሃ ቧንቧ ቀዝቅዟል። ብሽሽቱ ውስጥ ጣቴን ከትቼ የደም ምት ፈለግኩ፤ የለም። ጥፍሩን እስከ ሥጋው ድረስ ቆረጥኩት፤ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም፤ ውሻውም ዞር ብሎ አላየኝም። ደም መንገድ ላይ ረግቶ እግሩን ዘግቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ውሻው እየተሰቃየ እኔ ደስ አለኝ፤ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ለመሆኑ ደም በቁም ባለ እንስሳ ሥር ውስጥ ለምን ይረጋል? ትኩሳትም አለው። ትኩሳቱ ከየት መጣ?

የፋብሪካው ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ሁንዴ ከአጠገቤ አልራቀም። ውሻው የመንግሥት ንብረት መሆኑን፣ የሰው እጅ ካለበት ደግሞ ስሙ አሻጥር እንደሆነ ደጋግሞ ነገረኝ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ሳይሆን የውሻውን ጠባቂ ጋሽ ኩምሳን ነው። ውሻው ቢሞት የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልተናገረውም፣ ሁላችንም ገብቶናል። አጀማመሩን ስጠይቃቸው «ደህና አደረ፣ ጠዋት እንዲህ ሆነ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም።

ማታ። ባለቤቴ ላጢፋ እንደ ልማዷ በር ላይ አቆመችኝ። ውሻ ነክቼ ስመጣ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ካልታጠብኩ ወደ ቤት መግባት የለም። ውሃውን ያፈሰሰችልኝ እንግዳችን ፋጡ ናት፤ የአክስቴ ልጅ። ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪና ሾፌሩ ሙሀመድሁሴን በጆንያ መሃል ደብቆ ከወሎ አመጣት። የይለፍ ወረቀት የላትም፤ ቀበሌም አላስመዘገብናትም። ካወቁ ሰብስበው ለሰፈራ ይልኳታል። ስለ እሷ እዚህ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል። ስለ ውሻ መጻፍ ማንንም አያስጠይቅም።

ኅዳር 13

ሆስፒታል ሄጄ ሲስተር ወለተሥላሴን አገኘኋት። የመድኃኒት ክፍሉን የያዘችው እሷ ናት፤ አምና ጊደሯ ምጥ ይዟት እኔ ነኝ ያዋለድኩላት። ሄፓሪን የሚባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርፌ ጠየቅኳት። ለማን ነው አለች። ለውሻ ነው አልኳት። እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ዘንድሮ? ለውሻ?»

የጓድ ሁንዴን ማህተም አሳየኋት። ያላቸው ያ አንድ ካርቶን ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው መቼ እንደሚመጣም እንደማይታወቅ ነገረችኝና ማህተም ካለ ምን እላለሁ ብላ ሰጠችኝ። እኔ ብልቃጦቹን ለማየት ቸኩዬ በቅጡ ሳልሰናበታት ወጣሁ።

መጠኑ በክብደት ስለሆነ ቻለውን አቅፌ የጥጥ ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። ወገቤን ሊቆርጠው ነበር። በቀን አንድ ኪሎ ሥጋ ተፈቅዶለታል። ሥጋው ሲመጣ ከዘበኞቹ አንዱ ለሌላው «ወይ ውሻ መሆን!» ሲል ሰማሁ።

ኅዳር 15

ጣቶቹ ሞቁ! ጥፍሩን ቆረጥኩ፣ ደም አለ። ጋሽ ኩምሳ መርፌ መውጋት ተምረዋል፤ እጃቸው ከእኔ ይረጋል። መድኃኒቱን ጓድ ሁንዴ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቆልፎበታል፤ ቁልፉ ጋሽ ኩምሳ አንገት ላይ ነው።

ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ፔኒሲሊን እየሰጠሁት አልወረደም። ለምን?

ኅዳር 17

የዛሬው ቀን እንዴት ደስ ይላል። የመጀመሪያ ቀን፣ መድኃኒት ሳይጀምር ከቻለው የቀዳሁት ደም፣ መርፌውን ጠርጌ ሳልጨርስ ነበር ብልቃጡ ውስጥ የረጋው። ያ ፈጣን ነው ወይስ የደም ሁሉ ልማድ ነው? ይህን ለማወቅ የጤነኛ ደም ማየት አለብኝ። ከራሴ ቀዳሁ። ከጎረቤት ፍየል ቀዳሁ። ከጋሽ ኩምሳ ቀዳሁ፤ እሳቸው መርፌ መውጋት እንጂ መወጋት እንደማይወዱ ታወቀ። ሁላችንም፣ ፍየሏም ጭምር፣ ተቀራራቢ ነን። ቀስ ብሎ ነው የሚረጋው። ስለዚህ የቻለው ደም በእርግጥ ቸኩሎ ነበር።

ላጢፋን ብለምናት ከውሻ ጋር ደሟን እንደማታወዳድር ነገረችኝ። ፋጡ ግን እጅጌዋን ሰብስባ «ለውሻው ከጠቀመው ውሰድ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። ክንዷ ይፋጃል፤ ከምድጃ ስር አትነሳም። ደረቷንም በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራለች፤ የአቃቂ ብርድ አልተስማማትም መሰለኝ።

የእሷ ደም ግን ነገሬን አበላሸብኝ። ብልቃጡን አንዴ ዘንበል ሳደርገው ረግቷል፤ እንደ ቻለው። ብልቃጡን በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ይሆናል። ውጤቷን ሰረዝኩት። ቆሻሻ ብልቃጥ ስንት ጥናት ገደለ!

ኅዳር 19

ማታ ስለ ደም መርጋት ሳነብ ላጢፋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አንዲት ሴት ወልዳ ትኩሳቱ አልለቅ ቢላት ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። የቷ ሴት ብላት፣ አንዲት ሴት አለችኝ። የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ ላም ግን ልንገርሽ ብዬ ጀመርኩ። እንግዴ ልጁ ተቆርጦ ሲቀር እንዴት ውስጥ እንደሚበሰብስ፣ ላሟ እንዴት መብል እንደምትተው፣ ማህፀኗ እንዴት እንደሚታጠብ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ሁሉ አሳየኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ላሟስ ትድናለች?»

ቶሎ ከተደረሰላት አልኳት። ተነስታ ሄደች። ላጢፋ ስለ ከብት እንዲህ ስትጓጓ አይቻት አላውቅም። እኔ ግን እንቅልፌ እስኪመጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኅዳር 22

እግሩ እንደገና ቀዘቀዘ። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ! ጣቶቹ ጠቁረዋል። ጓድ ሁንዴ ጋሽ ኩምሳን ቢሮ ጠርቶ በር ዘግቶ አነጋገራቸው። ሲወጡ ጋቢያቸውን ገልብጠው ነው የለበሱት።

አንድ ነገር እየሳትኩ ነው። ረግቶ የተዘጋውን እከፍታለሁ፣ ያ የሚያረጋው ነገር እዚያው ቁጭ ብሎ እንደገና ይዘጋዋል። የት ነው ያለው? ጥርሱን አየሁ፣ ጆሮውን አየሁ፣ ልቡን አዳመጥኩ።

ኅዳር 24

ዛሬ ጋሽ ኩምሳ ነገሩኝ። ከውሻው ማደሪያ ኋላ ወስደው፣ ግራ ቀኝ አይተው ነገሩኝ። በጥቅምት ውሻው ወገቡን ያዝ አድርጎት ነበር። እሳቸውም እንደ አገራቸው ደንብ ማጭድ አግለው ወገቡን ተኮሱት። በሬ ሲያነክስ የሚደረገው ይኸው ነው፤ በእኛም አገር ይደረጋል፣ እኔም ልጅ ሆኜ በጎኔ ላይ ሁለት ጊዜ ተተኩሻለሁ። በሬው ይድናል፤ የዚህ ግን ከላዩ ደርቆ ከስሩ ሸተተ። ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ ጠባሳውን ሸፈነው።

«ዶክተር፣ ብናገር አሻጥር ነው፤ ባልናገር ውሻው ይሞታል። የቱን ልበል?»

የቆየ እብጠት ነው ብዬ እንደምጽፍ ቃል ገባሁላቸው። ፀጉሩን ላጨሁት። አገኘሁት፤ ከቆዳው በታች የተኛ፣ ስጫነው የሚዋኝ እብጠት ነው። ስንት ቀን ይህን ውሻ ዳበስኩት! እጄ ሁልጊዜ እግሩ ላይ ነበር። የሚያስገርመው የታመመው እግር ነውና ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም፤ በሽታው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

ቀደድኩት። የወጣውን መግል እዚህ አልገልጸውም። ጋሽ ኩምሳ ጭንቅላቱን አቅፈው በኦሮምኛ ሲያባብሉት ዋሉ።

ኅዳር 26

ትኩሳቱ ወረደ። ሥጋውን ጨረሰ። ሁለት ጣቶች ይሞታሉ፣ እግሩ ግን ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። መጽሐፉ ሄፓሪኑ ቶሎ እንዳይቋረጥ ያዛል፤ ብልቃጦቹ ከግማሽ በላይ ቀርተዋል።

እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰውነት ውስጥ እሳት ሲነሳ ደሙ ይደነግጥና በየመንገዱ ይቆማል። ወገብ ላይ ያለ ቁስል እግር ይዘጋል። ይህን ለሰው ብነግር ማን ይሰማኛል ብዬ ለላጢፋ ጀመርኩላት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ፋጡ ውሃ ስትቀዳ አነከሰች። ጫማው ጠቧት ነው አለች።

ኅዳር 28

እንደ መጣልኝ ልጻፈው።

ከሥራ ስገባ ላጢፋ በር ላይ አላስቆመችኝም። ሳልታጠብ፣ በውሻ እጄ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ፋጡ ተኝታለች። ላጢፋ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ግራ እግሯ ከላይ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ነካሁት፤ ይሞቃል። የቻለው ቀዝቃዛ ነበር፤ እዚያ የተዘጋው ወደ እግር የሚወርደው ደም ነው፣ እዚህ የተዘጋው ወደ ልብ የሚመለሰው። ይህን እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ጭንቅላቴ እንዲህ ነው የሚሠራው። የገዛ አክስቴ ልጅ እየነደደች እኔ አወዳድራለሁ።

«ያን ማታ የጠየቅኩህ ስለ ላም አልነበረም» አለችኝ ላጢፋ።

ፋጡ መንገድ ላይ ወልዳለች፤ ሙሀመድሁሴን ከማግኘቷ ከጥቂት ቀን በፊት። ባሏ ቀደም ብሎ በረሃብተኞች መጠለያ ሞቷል። ልጁ ጥቂት ቀን ኖሮ፣ መኪናው ውስጥ እቅፏ ላይ እንዳለ አለፈ። ካራቆሬን አለፍ ብለው ቀበሩት። ለወንድ የማይነገር ነገር ነው፣ ደግሞም ሐዘን ይዤ ሰው ቤት አልገባም ብላ ላጢፋን በቁርአን አስምላታለች። ደረቷን ያሰረችው ለብርድ አልነበረም።

ብልቃጡም ንጹሕ ነበር። ደሟ እውነቱን ነገረኝ፤ እኔ ሰረዝኩት።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ከረጋው ደም አንዱ ቁራጭ ተነስቶ ሳንባዋ ውስጥ ከገባ በደቂቃ ትሞታለች። ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሲስተር ወለተሥላሴ ነገሬን ሳልጨርስ ገባት። አምጣት አለችኝ። ሁለት ችግር ግን አለ። ካርድ ክፍሉ የቀበሌ ወረቀት ሳያይ አያስገባም፤ ፋጡን ለቀበሌ ማሳየት ለሰፈራው ማስረከብ ነው። ሁለተኛውን ሲስተር ድምፅዋን ሳትለውጥ ነገረችኝ።

«ሄፓሪን ያለን ያ ነበር። አንተ ወስደኸዋል።»

ኅዳር 29

ገና ሳይነጋ ፋብሪካው በር ላይ ነበርኩ። ለጋሽ ኩምሳ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ የይለፍ ወረቀት እንደሌላትም ጭምር። መድኃኒቱ ሲቋረጥ የቻለው እግር እንደገና ሊዘጋ እንደሚችል፣ ያኔ እሳቸው እንደሚጠየቁም ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሰጡኝ ነበር፤ ግን አስቀድመው እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ውሻው ተነስቶ፣ እያነከሰ መጥቶ ጉልበታቸው ላይ ተደገፈ። ራሱን እያሻሹት፣ ጓድ ሁንዴ ብልቃጦቹ የት ገቡ ካለ ምን ልንለው ነው አሉኝ። ውሻው ተወግቷቸዋል እላለሁ አልኳቸው። ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። መድኃኒቱን ሲሰጡኝ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አብረው አወጡ። የፋብሪካው ሠራተኛ ሚስት በነጻ የምትታከምበት ካርድ ነው፤ ፎቶ የለውም።

«አስካለች ዘንድሮ አልታመመችም» አሉኝ።

ጋሪ ይዤ ቤት ተመለስኩ። ላጢፋ ፋጡን ስሟን እያስጠናቻት ነበር። አስካለች፣ አስካለች ትላለች ፋጡ ዓይኗን ጨፍና። አቅፌ ወደ ጋሪው አወጣኋት። ወገቤን አጥብቄ፣ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር ያነሳኋት፤ በከንቱ ነበር። ክንዴ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። እኔ ቤት ስንት ቀን ተቀመጠች? እኔ ቤት ምሳ ሲቀርብ ስንቴ በላሁ ብላ ሄደች?

ሲስተር ክብደቷን ጠየቀችኝ፤ የክፍሉ ሚዛን ተሰብሯል።

«ከውሻው ትቀላለች» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የውሻውን ክብደት ነገርኳት። ከዚያ ቀንሳ መጠኑን አወጣች።

ታኅሣሥ 2

ማህፀኗን አጠቡላት። የቀረ እንግዴ ልጅ ነበር። ትኩሳቱ ገና ነው። ላጢፋ ከአልጋው ስር ታድራለች። እኔ ከብት እንኳ በትክክል ማከም አቅቶኛል፤ ለአንድ ሰውዬ በሬ የፈረስ መድኃኒት ልሰጥ ስል ራሱ አስታወሰኝ።

ታኅሣሥ 5

ወረደ! ትኩሳቱ ወረደ። እብጠቱም ጎድሏል፤ በክር ለክቼዋለሁ። ላጢፋ በክር ስለካ አይታኝ፣ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

ቻለውም አልተዘጋም። ያለ መድኃኒት፣ በደህና እግሩ። መግሉ ከወጣ ደሙ የሚደነግጥበት ምክንያት አልነበረውም ማለት ነው? ወይስ ዕድል ነው? አላውቅም። ሁለት ጣቶቹ ወደቁ፤ አካሄዱን አላጎደሉበትም።

ታኅሣሥ 10

ጓድ ሁንዴ በጣም ተደስቷል። በቅዳሜው የውይይት ክበብ የመንግሥት ንብረት እንዴት እንዳዳንኩ ለሠራተኛው እንዳስረዳ አዘዘኝ። ቆሜ ተናገርኩ። ደም ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚረጋ፣ ሄፓሪን እንዴት እንደሚሠራ ነገርኳቸው፤ ሳላስበው ሞቅ ብሎኝ እጄን ሁሉ እያወናጨፍኩ ነበር። ጋሽ ኩምሳ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ሠራተኛ እጇን አውጥታ፣ ይህ መድኃኒት ለሰውም ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ጓድ ሁንዴ ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ነው አላት። እኔም ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። እስካሁን ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋም።

ታኅሣሥ 16

ፋጡ ቤት ናት። ሙሀመድሁሴን ሻሸመኔ ያለች እህቱ ዘንድ ሊወስዳት ከነገ ወዲያ ይመጣል፤ እዚያ ሰው አይጠይቅም አለ። እስከዚያ ከግቢው ወዲያ እንዳትወጣ ላጢፋ ጠባቂ ሆናለች።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋትና አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እግሯን ላየው የመጣሁ መስሏት ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ተዪው አልኳት። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ያልጠየቅኩት ነገር የለም፤ የፍየል ደም ሳይቀር ጠይቄያለሁ። እሷን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ለወንድ አይነገርም፣ ወንድም አይጠይቅም። እንዴት እንደሚጀመርም አላወቅኩበትም።

«ልጁ ወንድ ነበር ወይስ ሴት?» አልኳት።

ተሳስቻለሁ ብዬ ልነሳ ስል ወንድ ነው አለች። ስሙን ጠየቅኳት። ስም ሳይወጣለት ነው የሄደው አለችና መሬቱን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች።

«እኔ ግን ኸሚስ እለው ነበር፤ ሐሙስ ነው የተወለደው።»

ማንን ይመስል ነበር አልኳት። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ እስኪመሽ ነገረችኝ።